የድሮ ጌም ቦርድ ሰብሳቢዎች፦ ቅርስ ጠባቂ ወይስ ቅርስ ቆላፊ?

እስቲ አንድ ነገር አስቡ። የትልቅ መዝገብ ስፋት ያለው አረንጓዴ ሰሌዳ አለ። ላዩ ላይ ጥቋቁር ቺፖች ተደርድረዋል፣ በርሜል የሚመስሉ ትንንሽ ካፓሲተሮች ቆመዋል፣ አንዱ ጥግ ላይ ደግሞ የነተበ ስቲከር ተለጥፏል። ለማያውቀው ሰው ከአሮጌ ቴሌቪዥን ሆድ የወጣ ዕቃ ነው፤ ቆራሌው ቢያገኘው በኪሎ ይመዝነዋል። ለሚያውቀው ግን ብርቅ ከሆነ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያወጣ ይችላል።

ሰሌዳው የአርኬድ ጌም ቦርድ ነው። በጃፓን፣ በአሜሪካና በአውሮፓ እንዲህ ያሉ ቦርዶችን የሚያድኑ፣ የሚጠግኑና በውድ የሚገዙ ሰብሳቢዎች አሉ። ብዙዎቹ ሥራቸውን «ቅርስ ማዳን» ይሉታል። በዚህ ጽሑፍ ያንን አባባል በሳይንስ ዓይን እንመረምረዋለን። ቦርዱን ገዝቶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ በእርግጥ ጌሙን ያድነዋል? መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ብቻውን አያድነውም። እንዲያውም አንዳንዴ ጌሙ በዝምታ እንዲሞት ያደርገዋል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ግን መጀመሪያ ቺፑ ውስጥ ያለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳንቲም የሚበላው ማሽን

አርኬድ ማለት ሳንቲም እየከተቱ የሚጫወቱባቸው ትልልቅ የጌም ማሽኖች የተደረደሩበት ቤት ነው። በሰፈራችሁ ያለውን የፕሌስቴሽን ቤት አስቡት። ልዩነቱ ምንድን ነው? ፕሌስቴሽን ቤት ውስጥ አንዱ ማሽን ብዙ ጌም ያጫውታል፤ የጥንቱ አርኬድ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ማሽን የሚያጫውተው አንድ ጌም ብቻ ነበር። የጃፓኑ ታይቶ በ1978 ስፔስ ኢንቬደርስን፣ ናምኮ ደግሞ በ1980 ፓክ-ማንን ያወጡት ለእንደዚህ ዓይነት ማሽኖች ነው።

ከውጭ የሚታየው ካቢኔት እንጨት፣ ስክሪን፣ መጫወቻ እጀታና የሳንቲም ሳጥን ነው። ጌሙ ራሱ ያለው ውስጥ በተሰካው ሰሌዳ ላይ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የጃፓን አምራቾች ማኅበር ጃማ የሚባል የጋራ ደረጃ አወጣ፤ 56 የመዳብ ንክኪዎች ያሉት አንድ ዓይነት መሰኪያ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የቤቱ ባለቤት አንድ ጌም ገቢ ማምጣት ሲያቆም ካቢኔቱን ሳይቀይር ሰሌዳውን ብቻ ነቅሎ ሌላ መሰካት ቻለ።

አሮጌው ሰሌዳስ የት ሄደ? አብዛኛው መጋዘን ውስጥ ተጣለ ወይም ቆሻሻ ሆነ። በዚያን ጊዜ ማንም እንደ ቅርስ አልቆጠረውም፤ ገቢ የማያስገባ ዕቃ ነበር በቃ። ሰብሳቢዎች የገቡት እዚህ ጋ ነው። ከመጋዘን አውጥተው፣ አቧራውን ጠርገው፣ የተቃጠለውን ቀይረው ያቆዩት እነሱ ናቸው። ዛሬ ስለነዚህ ጌሞች የምናውቀው ብዙው ነገር በእነሱ እጅ በኩል ያለፈ ነው። ይህን ውለታ መካድ አይቻልም። ጥያቄው ካዳኑት በኋላ ምን አደረጉት የሚለው ነው።

ቺፑ ውስጥ የታሰሩ ኤሌክትሮኖች

የፓክ-ማን ፕሮግራም 16 ኪሎባይት ነው። ሥዕሎቹ ደግሞ 8 ኪሎባይት ያህል ናቸው። በድምሩ 24 ኪሎባይት ማለት ነው። በስልካችሁ የምታነሱት 3 ሜጋባይት የሆነ አንድ ፎቶ ከዚህ ከ100 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ያ ሁሉ ዓለምን ያጥለቀለቀ ጨዋታ ከአንድ ፎቶ አንድ መቶኛ እንኳን አይሞላም!

ታዲያ ይህ መረጃ ሰሌዳው ላይ የተቀመጠው እንዴት ነው? ብዙ የድሮ ቦርዶች ኢፕሮም የሚባል ቺፕ ይጠቀማሉ። ይህን ቺፕ በ1971 ኢንቴል ውስጥ የፈለሰፈው ዶቭ ፍሮማን ነው። (ፍሮማን ከዚያ በኋላ ኢንቴልን ለቆ ጋና ሄዶ ኩማሲ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምህንድስና አስተምሯል።) የመጀመሪያው ኢፕሮም የሚይዘው 2,048 ቢት፣ ማለትም 256 ባይት ብቻ ነበር።

አሠራሩ ደስ ይላል። ቺፑ ውስጥ እጅግ በጣም ትንንሽ «ደሴቶች» አሉ። እያንዳንዷ ደሴት ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ መስታወት መሰል ንብርብር ተከብባለች። ፕሮግራም ስንጭን በከፍተኛ ቮልቴጅ ኤሌክትሮኖችን ገፍተን ደሴቷ ውስጥ እናስገባለን። ቮልቴጁ ሲነሳ መውጫ ያጣሉ፤ እዚያው ይታሰራሉ። ኤሌክትሮን የያዘችው ደሴት 0 ተብላ፣ ባዶዋ ደግሞ 1 ተብላ ትነበባለች። ማጥፋት ከተፈለገ በቺፑ ጀርባ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት አልትራቫዮሌት ብርሃን ይበራበታል። ኤሌክትሮኖቹ ከብርሃኑ ጉልበት አግኝተው ያመልጣሉ። ያ የነተበ ስቲከር የተለጠፈው ለጌጥ እንዳይመስላችሁ! መስኮቷን የሚሸፍን መጋረጃ ነው።

ችግሩ እስር ቤቱ ፍጹም አለመሆኑ ነው። ዓመታት ባለፉ ቁጥር ኤሌክትሮኖች አንድ በአንድ ያፈተልካሉ። ሙቀት ሲኖር ደግሞ ይፈጥናሉ። በቂ ኤሌክትሮን ሲያመልጥ 0 የነበረው 1 ይሆናል። ትንሽ ነገር ይመስላል አይደል? በምሳሌ እንየው። አንድ ጌም ለተጫዋቹ 3 ሕይወት ይሰጣል እንበል። 3 በሁለትዮሽ ቁጥር 011 ነው። ከፊት ያለችው 0 ወደ 1 ብትገለበጥ 111 ይሆናል፤ ያ ደግሞ 7 ነው። ይኼ እንኳን ለተጫዋቹ ጥሩ ዕድል ነው! የተገለበጠችው ቢት የፕሮግራሙ ትዕዛዝ ውስጥ ከሆነች ግን ጌሙ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል።

ልብ በሉ፦ ይህ የሚሆነው ቦርዱ የትም ሳይነቃነቅ፣ ማንም ሳይነካው፣ በንጹሕ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነው። ከውጭ ሲታይ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል፤ ውስጡ ግን ይረሳል። በዚህ ላይ ካፓሲተሮች ያረጃሉ። የኒኬል-ካድሚየም ባትሪ ካለው ባትሪው ያፈሳል። የኤስኤንኬ ኩባንያ ኒዮ ጂኦ ቦርዶችን የሚጠግኑ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል፤ ከባትሪው የሚወጣው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ቤዝ ስለሆነ የመዳብ መስመሮቹን ይበላቸዋል። ጠጋኞች መጀመሪያ በኮምጣጤ የሚያጥቡትም ለዚህ ነው፤ አሲድ ቤዝን ያረክሰዋል፣ የትምህርት ቤት ኬሚስትሪ!

ራሱን የሚያጠፋ ቦርድ

እርጅና አንድ ነገር ነው። አምራቹ ራሱ ሞት የተከለበትን ቦርድ ግን ምን እንለዋለን?

የጃፓኑ ካፕኮም በ1991 ስትሪት ፋይተር 2ን ሲያወጣ ፎርጅድ ቅጂዎች ገበያውን ሞሉት። ኩባንያው በ1993 ሲፒኤስ-2 የሚባል አዲስ ቦርድ ይዞ መጣ። በዚህ ቦርድ ላይ ያለው ፕሮግራም በምስጢር ኮድ የተቆለፈ ነው። ቺፑን አውጥታችሁ ብታነቡት የምታገኙት ትርጉም የለሽ የቁጥር ክምር ነው። የመክፈቻ ቁልፉ የተቀመጠው በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ቁልፉ ይጠፋል። ከዚያ ቦርዱን ስታበሩት ባዶ ባለአንድ ቀለም ስክሪን ብቻ ያሳያችኋል። ሰብሳቢዎች ይህን ባትሪ «ራስ አጥፊ ባትሪ» ይሉታል።

ነገሩን አስቂኝም አሳዛኝም የሚያደርገው ይሄ ነው፦ ፕሮግራሙ እዚያው አለ፣ ሥዕሉ አለ፣ ሙዚቃው አለ። የጠፋችው 64 ቢት፣ ማለትም 8 ባይት የምታክል ቁልፍ ናት። «አርኬድ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ብትጽፉት 6 ባይት ይፈጃል፤ ከዚያ በሁለት ፊደል ብቻ የምትበልጥ ቁልፍ ስትጠፋ ሙሉ ማሽን ይሞታል።

ይህን እስር ማን ፈታው? በ2001 ሲፒኤስ-2 ሾክ የሚባል ቡድን ከሚሠሩ ቦርዶች ላይ የተፈታውን ፕሮግራም ማውጣት ቻለ። ያም ሆኖ የምስጢር ኮዱ ሕግ ገና አልታወቀም ነበር። በ2007 አንድሪያስ ናይቭ እና ኒኮላ ሳልሞሪያ ሕጉን ራሱን አገኙት፤ የፌይስቴል መረብ የሚባለው አሠራር ነበር። ባንኮች ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙበት ዲኢኤስ የተባለው የምስጢር ኮድም የተሠራው በዚሁ አሠራር ነው። በመጨረሻም በ2016 ኤድዋርዶ ክሩዝ፣ አርቴሚዮ ኡርቢና እና ኢያን ኮርት የሞተ ቦርድ ላይ ቁልፉን መልሶ የመጫኛ ዘዴ ይፋ አደረጉ። የሚያስፈልገው መሣሪያ ተማሪዎች ለፕሮጀክት የሚገዙት ርካሹ አርዱዊኖ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። እነዚህን ጌሞች ያዳናቸው ምንድን ነው? ብዙ ገንዘብ አይደለም። ቦርዱን ቆልፎ ማስቀመጥም አይደለም። ባትሪው ሳያልቅ የከፈቱ፣ ያነበቡና ያወቁትን ለሁሉም የበተኑ ሰዎች ናቸው። ቦርዳቸውን ለሙከራ የሰጡት ሰብሳቢዎችም ከነሱ ጋር ይመሰገናሉ። ቦርዱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ «ዋጋው እስኪጨምር» የጠበቀው ሰብሳቢ ግን ለጌሙ ያደረገለት ነገር የለም። ባትሪው ፕላስቲኩ ውስጥም ያልቃል።

ዋጋው የሚለካው ምንድን ነው?

«ውድ ከሆነ ጠቃሚ ነው» የሚል ሐሳብ በብዙዎቻችን ጭንቅላት ውስጥ አለ። የጌም ገበያው ይህን ሐሳብ ለመፈተን ጥሩ ቦታ ነው።

የኤስኤንኬን ኪዙና ኢንካውንተር እንውሰድ። በ1996 የወጣ የድብድብ ጌም ነው። ለአርኬድም፣ ኒዮ ጂኦ ለሚባለው የቤት ማጫወቻም ወጥቷል። የቤቱ ካርትሪጅ የአውሮፓ እትም በጣት የሚቆጠር ብቻ ስለሆነ ከ10,000 ዶላር በላይ ተሽጧል። የጃፓኑ እትም ግን ከዚያ ጋር ሲነጻጸር በጣም ርካሽ ነው። ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው? ጨዋታው ያው ነው። ኒዮ ጂኦ ላይ ቋንቋውን የሚወስነው በዋናነት ማጫወቻው ስለሆነ የጃፓኑን ካርትሪጅ የእንግሊዝኛ ማሽን ላይ ብትሰኩት በእንግሊዝኛ ይነሳል። ስለዚህ ሰውየው ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈለው ለሳጥን፣ ለወረቀትና ለስቲከር ነው።

ይህ ወንጀል አይደለም። ሰው በገንዘቡ የፈለገውን ይገዛል፤ ቴምብር የሚሰበስብም አለ። ነገር ግን ያንን «ጌም ማዳን» ብለን መጥራት የለብንም። ዋጋው የሚለካው ብርቅነትን ነው። ብርቅነት ደግሞ በውስጡ ስላለው ዕውቀት ምንም አይነግረንም።

የዋጋው ንረት ሌላም ጉዳት አለው። ፎርጅድ ይወልዳል። የሲፒኤስ-2 ጌሞች የሚለያዩት በዋናነት ቺፖቹ ውስጥ ባለው መረጃና በቁልፉ ነው፤ ሰሌዳው ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ አጭበርባሪ ርካሽ የስፖርት ወይም የድብድብ ጌም ቦርድ ገዝቶ፣ ቺፖቹን ቀይሮ፣ ስቲከር አሳትሞ ለጥፎ፣ ብርቅ ነው ብሎ ሊሸጠው ይችላል። የሞተ ቦርድ የሚያድነው የ2016 ዘዴም ለአጭበርባሪ ያገለግላል። በዚህ መሀል ኦሪጅናል የነበረው ርካሹ ቦርድ ይጠፋል። ብርቁ ሲበዛ ተራው ያልቃል፤ ነገ ደግሞ ተራ የነበረው ብርቅ ይሆናል። እንዲህ ዓይነቱ ገበያ ቅርስ እየበላ ነው።

አካ አር፦ ሦስት ካቢኔት፣ አንድ ክርክር

ክርክሩ በጣም የከረረው ጭራሽ ለገበያ ባልወጡ ጌሞች ላይ ነው። አታሪ በ1982 አካ አር የሚባል ጌም ሠርቶ ለሙከራ አወጣ። የሠሩት ማይክ ሃሊ እና ዴቭ ራልስተን ናቸው። ተጫዋቾች ከበዳቸው፤ ኩባንያውም ተወው። የተረፉት የሚታወቁ ካቢኔቶች ሦስት ብቻ እንደሆኑ ይነገራል፤ ሁሉም በግል ሰብሳቢዎች እጅ። ለአሥርተ ዓመታት ጌሙን መጫወት የሚችሉት እነዚህ ሰዎችና የጋበዟቸው ብቻ ነበሩ። የቺፑ ቅጂ ለሕዝብ አልወጣም።

በ2019 ማንነቱ ያልታወቀ ሰው የጌሙን ቅጂ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ወዲያው ክርክር ተነሳ። አንዳንድ ሰብሳቢዎች ቅጂው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በድብቅ የተወሰደ ነው ብለው ተቆጡ፤ ክሱ ግን በማስረጃ አልተረጋገጠም። ሌሎች ደግሞ «እንኳንም ወጣ» አሉ። ከዚያስ? በ2022 አታሪ ራሱ 50ኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ ባወጣው ስብስብ ውስጥ አካ አርን አካተተው። በ2023 ደግሞ እንግሊዛዊው የጌም ሠሪ ጄፍ ሚንተር እንደ አዲስ የተሠራ አካ አር አወጣ። 40 ዓመት ተቆልፎ የኖረ ሐሳብ ለአዲስ ሥራ ዘር ሆነ።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን አለብን። የሰው ቤት ገብቶ መስረቅ ስርቆት ነው፤ «ለሳይንስ ነው» ማለት አያጸዳውም። ነገር ግን ሰብሳቢዎቹ ላለማስቀዳት የሚያቀርቧቸውን ምክንያቶችም አንድ በአንድ መመርመር ይገባል።

አንደኛው «ከተቀዳ ዋጋው ይወድቃል» የሚለው ነው። እስቲ እናስበው። ቅጂው ከወጣ በኋላ የአካ አር ካቢኔቶች ስንት ሆኑ? ያው ሦስት። ፋይል ኮፒ ማድረግ እንጨቱን፣ ስክሪኑንና የ1982ቱን ሰሌዳ አያበዛውም። የፓክ-ማን ፕሮግራም በየቦታው አለ፤ ኦሪጅናል ካቢኔቱን የሚፈልግ ሰው ግን አሁንም ይፈልገዋል።

ሁለተኛው «ንብረቴ ነው» የሚለው ነው። ሰሌዳው አዎ፣ ንብረቱ ነው። ፕሮግራሙ ግን የእሱ አይደለም፤ የቅጂ መብቱ የኩባንያው ነው። መጽሐፍ የገዛ ሰው ወረቀቱን እንጂ ድርሰቱን አልገዛም። እርግጥ ይህ በሁለቱም በኩል ይቆርጣል። ማንም ሰው ያገኘውን ፋይል እንደፈለገ መበተን ሕጋዊ አይደለም። ነገር ግን እንዳይጠፋ ቀድቶ በጥንቃቄ ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ መሸጥና መበተን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ክርክሩን ያበላሸዋል።

ሦስተኛው «እኔ ጋ በደህና አለ» የሚለው ነው። ይህን ቀደም ብለን መልሰነዋል። ኤሌክትሮኖቹ የባለቤቱን ደግነት አይተው አይቀሩም። እሳት፣ ጎርፍ፣ ሌባና ውርስም አሉ። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው መረጃ ነገ ሊጠፋ የሚችል መረጃ ነው። ይህን የምረቃ ጽሑፉ ያለበት ፍላሽ የተበላሸበት ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል!

ፋይሉ ብቻውን ግን አይበቃም

እስካሁን ሰብሳቢዎችን ወቅሰናል፤ አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን። አንዳንድ ወጣቶች «ፋይሉ ካለ ቦርዱ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ይሄም ስህተት ነው።

ድሮ ጌሞችን ኮምፒውተር ላይ የሚያስነሳው ዋናው ሶፍትዌር ሜም ይባላል። ቀደም ሲል ስሙን ያነሳነው ጣሊያናዊው ኒኮላ ሳልሞሪያ በ1997 ጀመረው፤ ከ2016 ጀምሮ ኮዱ ሙሉ በሙሉ ነጻና ክፍት ነው። ሜም ፕሮግራሙን ከነቺፖቹ ጠባይ ያስመስላል። የሚያስመስለው ግን በሚታወቀው ልክ ነው፤ የሚታወቀው ደግሞ ከእውነተኛው ቦርድ ተለክቶ ነው።

ስፔስ ኢንቬደርስን እዩ። ስክሪኑ ላይ 55 ጠላቶች ይሰለፋሉ። ፕሮሰሰሩ ደካማ ስለነበር በእያንዳንዱ ፍሬም አንድ ጠላት ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ በሰከንድ ደግሞ 60 ያህል ፍሬሞች አሉ። ስለዚህ 55ቱም አንድ እርምጃ ለመራመድ ወደ አንድ ሰከንድ ይፈጅባቸዋል። ተኩሳችሁ ስትቀንሷቸው ተራው ቶሎ ቶሎ ይደርሳል። የመጨረሻው አንድ ጠላት ሲቀር በየፍሬሙ እየተንቀሳቀሰ ይበራል! ልብ የሚሰቅለው ፍጥነት የመጣው ከማሽኑ ድክመት ነው። ቦርዱን ሳያውቅ ጌሙን ፈጣን ኮምፒውተር ላይ እንደገና የሚጽፍ ሰው ይህን ጣዕም በቀላሉ ያጠፋዋል።

ድምጹም እንዲሁ ነው። የስፔስ ኢንቬደርስ ድምጽ ፋይል ውስጥ የለም። ሰሌዳው ላይ ያሉ ሬዚስተሮች፣ ካፓሲተሮችና ትራንዚስተሮች በቀጥታ ያወጡታል። ቺፑን ብታነቡት ድምጹን አታገኙትም። በዚህ ምክንያት ሜም ለረጅም ጊዜ የተቀዳ ድምጽ ይጠቀም ነበር። ስለዚህ የሚሠራ ኦሪጅናል ቦርድ ያስፈልገናል፤ ልክ እንደ መመዘኛ ድንጋይ ነው።

አንዳንድ ቺፖች ደግሞ እንዳይነበቡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። እነሱን ለማንበብ ባለሙያዎች የቺፑን ፕላስቲክ በናይትሪክ አሲድ ያሟሙታል፤ ከዚያ ውስጡን በማይክሮስኮፕ ፎቶ አንስተው 0 እና 1 እያሉ ነጥብ በነጥብ ይለያሉ። ብዙ ጊዜ ቺፑ ከዚህ ሥራ አይተርፍም። ታዲያ ሁለት ቦርድ ያለው ሰብሳቢ አንዱን ለዚህ ቢሰጥ ምን ይባላል? ገበያው «ሺህ ዶላር አጠፋ» ይለዋል። እኔ ግን ከሰብሳቢዎች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው እላለሁ።

ብራናው አልረከሰም

ይህ ክርክር ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም። በ1973 በኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሳት ትልቅ ሥራ ተጀመረ። ከየአብያተ ክርስቲያናቱና ከየገዳማቱ ወደ 9,000 የሚጠጉ ጽሑፎች ተነስተዋል። ቅጂዎቹ እዚህም፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ባለው የብራና ቤተ መጻሕፍትም ተቀመጡ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት ተቀምጠው ዝርዝራቸውን ያዘጋጁት ከነዚህ ቅጂዎች ነው።

ፊልሙ በመነሳቱ ብራናው ረከሰ? አልረከሰም። የብራናው ቆዳ፣ ቀለሙ፣ ድጉሱ በፊልም አይያዝም፤ ስለዚህ ኦሪጅናሉ ክብሩ እንዳለ ነው። ቢጠፋ ወይም ቢቃጠል ግን ቃሉ አብሮ አይጠፋም። ለዘመናት ቃል በቃል የገለበጡ ጸሐፍት የሠሩትም ይህንኑ ነው፦ አንድ ቅጂ እንደማይበቃ ያውቁ ነበር። የጌም ቦርድና ብራና እኩል ናቸው እያልኩ አይደለም። የመረጃ ሕግ ግን ለሁለቱም አንድ ነው፤ በብዙ ቦታ የተቀመጠ ይቆያል።

ታዲያ ጥሩ ሰብሳቢ ማን ነው?

አንድ ሰብሳቢ «ቅርስ አድናለሁ» ሲላችሁ አራት ነገር ጠይቁት። ቺፑ ተነቧል ወይ? ቅጂው ከሌላ ቦርድ ቅጂ ጋር ተመሳክሯል ወይ? (ሁለት ቅጂዎች ቢት በቢት አንድ ከሆኑ አንዱም እንዳልተበላሸ የማመን ምክንያት አለን።) ቅጂው ከቤቱ ውጭ በሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ በኒውዮርክ ሮቸስተር እንዳለው የስትሮንግ የጨዋታ ሙዚየም ባለ ተቋም፣ ተቀምጧል ወይ? ባትሪው መቼ ተቀየረ? አራቱንም «አዎ» ብሎ ከመለሰ፣ መደርደሪያው በሺህ ዶላርም ቢሞላ እሰየው ነው። አንዱንም ካልመለሰ ግን የሰበሰበው ዕቃ ነው፤ ጌሙን አላዳነም።

እናንተም ይህን ለመሞከር ውድ ቦርድ አያስፈልጋችሁም። የሜም ኮድ ክፍት ስለሆነ አንድ ፕሮሰሰር እንዴት እንደሚመሰል ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ። የተበላሸ ሬዲዮ ወይም አሮጌ ኮምፒውተር ካገኛችሁ ከሶኬት ነቅላችሁ (የድሮ ቱቦ ያለው ቴሌቪዥን ግን ተነቅሎም ከባድ ቮልቴጅ ስለሚይዝ አትክፈቱት) ሰሌዳውን ተመልከቱ፤ የትኛው ካፓሲተር ነው፣ የትኛው የመረጃ ቺፕ ነው፣ የትኛው ባትሪ ነው ብላችሁ ለዩ። ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ነገር ካለ፣ የአያታችሁ ድምጽ ያለበት ካሴት ወይም የሠርግ ቪዲዮ ቢሆን፣ ከጌም ቦርዱ በፊት እሱን አስቀዱት። ካሴቱም እንደ ቺፑ ዝም ብሎ እያረጀ ነው።